ሰው የማይሄድበት የእግር መንገድ

ጋሽ ላምቤቦን ማወቅ ያስከፈለኝ ይህ ነው፦ ሳልጠይቀው የሚከፍል ተከራይ፣ ደንበኛ ፊት «ሳህሌ፣ ዋሸህ» የሚለኝ ብቸኛ ሰው፣ ደግሞም ካርታ አይቼ ዝም ብዬ የማለፍ ልማዴ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። አይደለም። ባንክ ቤት ግድግዳ ላይም ሆነ የቀን መቁጠሪያ ላይ ካርታ ባየሁ ቁጥር «እዚህ ላይ ምን ነበር የተሰረዘው?» እያልኩ እቆማለሁ። ለነጋዴ ጥሩ ጠባይ አይደለም። ነጋዴ የተጻፈውን አንብቦ ማለፍ ነው ያለበት።

መሞታቸውን የሰማሁት ዋጋ እየተከራከርኩ ነው። ከአስኮ የመጣ አንድ ጎልማሳ ትልቅ ሸራና ገመድ ፈለገ። ሰው ተቻኩሎ ሸራ ሲጠይቅ ለምን እንደሆነ የሕንጻ መሣሪያ ሻጭ ያውቃል፤ ለሰርግ ከሆነ ቀለም ይመርጣል፣ ለለቅሶ ከሆነ አይመርጥም። ይሄኛው አልመረጠም። የለመድኩትን ዋጋ ጠራሁለት።

«ቀንስ እንጂ ወንድሜ፣ ለለቅሶ እኮ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ግን ሸራው ሲመጣ ለለቅሶ ተብሎ በቅናሽ አልመጣም።»

ሳቅም ቁጣም አልታየበትም። ብሩን መቁጠር ጀመረ። እኔም ሸራውን እያጠፍኩ፣ ለወግ ያህል፣ ማን እንደሞተ ጠየቅኩት።

«አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ካርታ ይሠሩ ነበር ይላሉ።»

እጄ ሸራው ላይ ቀረ። «ላምቤቦ?»

«ታውቃቸዋለህ?»

«ውሰደው። ተወው ብሩን።»

«ቅድም በቅናሽ አልመጣም አላልክም?» አለና ብሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ ሸራውን ተሸክሞ ሄደ። ልክ ነው። እኔም ብሆን በነጻ አልወስድም ነበር።

ጋሽ ላምቤቦ ወደ እኔ የመጡት የሥራ ክፍል ፍለጋ ነው። ሱቄ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ፊት ለፊት ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለምና ሲሚንቶ እሸጣለሁ፤ ከጀርባ የብረት በርና መስኮት አሠራለሁ፤ ከላይ አንዲት ክፍል አለችኝ። ብየዳ ስላለኝ መብራቴ ጠንካራ ነው፤ እሱን ሰምተው ከልጃቸው ከምሕረት ጋር መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጠራራ ፀሐይ ኮት ከነሹራቡ የሚለብሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ። ኪራዩን አልጠየቁም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠየቁ። የጠማቸው መስሎኝ ቀዝቃዛ አስመጣሁ። ይዘውት ወደ ላይ ወጡ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጡት፣ ጎንበስ አሉና ከጀርባ የብረት መቁረጫው ማሽን ሲነሳ ውሃውን አዩት።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ።

«ትንሽ ነው ጋሼ። አይታይም እኮ።»

«ይኸው ታየኝ።»

በቃ አጣኋቸው ብዬ ነበር። ግን ያንኑ ቀን ዕቃቸውን አስገቡ። መላ ዘየዱ፦ መቁረጫው ሲነሳ እሳቸው ሥራ ያቆሙና ወርደው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ መቁረጫው ሲያርፍ ይወጣሉ። ወዳጅነታችን እንዲህ ነው የተጀመረው። ብረት ባልቆርጥ ኖሮ አላውቃቸውም ነበር።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ካርታ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አባታቸው ከሐዲያ መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ናቸው፤ የእኔም ከጉራጌ። ልዩነታችን የእሳቸው ቤት ጸሎት ቤት ይሄዳል፣ የእኛ ቀራንዮ መድኃኔዓለም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ምሕረት ለሁለቱም የሚሆን ሥራ አገኘች። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶዎችን በኢንተርኔት ይልካል፤ እነሱ ከፎቶው ላይ ተራራውን፣ ወንዙን፣ ረግረጉን ስለው መልሰው ይልካሉ። ኮምፒውተሩን የምታውቀው እሷ ናት። መሬቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

መሬቱ ግን የእኛ አልነበረም። ሩቅ ሰሜን፣ ወንዙ ዓመቱን አብዛኛውን በረዶ ሆኖ የሚከርምበት አንድ ሸለቆ ነው። የአገሩን ስም ነግረውኛል፤ አፌ ላይ አልቆይ አለ።

«ማን ይኖራል እዚያ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ማንም።»

«ታዲያ ካርታውን ማን ይገዛል?»

«መቆፈር የሚፈልግ ይገዛል። እንዳይቆፈር የሚፈልግም ይገዛል።»

እንዲህ ያለ ዕቃ እኔ ሱቅ የለም። ለሁለቱም ጠበኛ አንድ ዓይነት ሚስማር እንደመሸጥ ነው። አደነቅኳቸው።

ተራራ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚተኛ ስጠይቃቸው ደንበኛ እያየ እጄን ያዙ። «ጨብጥ» አሉኝ። ጨበጥኩ። እስክሪብቶ አወጡና የጣቶቼን አንጓዎች እየዞሩ ቀለበት በቀለበት አድርገው ሳሉ፤ ከላይ ትንሽ ክብ፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ከሥሩ ደግሞ የሰፋ። «አሁን ዘርጋ።» ዘረጋሁት። ተራራዎቹ ጠፉ፣ መስመሮቹ ብቻ ቀሩ። «በቃ ይኼ ነው። እኔ የተዘረጋውን እጅ አይቼ ጭብጡን ነው የምፈልገው።» ደንበኛው ሚስማሩን ረስቶ የራሱን እጅ እየጨበጠ ይዘረጋ ነበር። እስኪመሽ እጄን አልታጠብኩም። ባለቤቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ተራራ ነው አልኳት።  ከነጋዴ ጋር የኖረች ሴት ዝም ማለት ታውቃለች።

«ዋሸህ» የሚሉት ነገር የተጀመረው በቆርቆሮ ነው። አንዱ ደንበኛ ውፍረቱን ጠየቀኝ፣ ወፍራሙ ነው አልኩት። ጋሽ ላምቤቦ ከሲሚንቶው ላይ፣ ሻያቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «ሳህሌ፣ ዋሸህ። ስስ ነው» አሉ። በቁጣ አይደለም፤ ሰዓት ለጠየቀ ሰው ሰዓት እንደሚነግሩት ነው። ደንበኛው ጥሎኝ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ የጠየቀው ቆርቆሮውን አይደለም። «ሽማግሌው አሉ?» ነው ያለው። አሉ ስለው ገባ። ከዚያ ወዲህ እኔም ዝም አልኳቸው፤ ለሱቁ ይበጁ ነበር።

አንድ ጠዋት መቁረጫው ሳይነሳ ወረዱ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። ፊታቸው በርቷል።

«ሳህሌ፣ መንገድ አገኘሁ!»

«ወዴት የሚሄድ?»

«እዚያ ሸለቆ ውስጥ! የእግር መንገድ! ና፣ ና ውጣ!»

ይህ መንገድ ለምን እንዲህ እንዳስደሰታቸው ማወቅ ያስፈልጋል። በወጣትነታቸው የመጀመሪያ ካርታቸውን ለአለቃቸው ሲያቀርቡ ተራራውም ወንዙም ልክ ነበር፤ የእግር መንገድ ግን አልነበረበትም። አለቅየው ወረቀቱን መልሶ፣ «እዚህ ወረዳ ሰው በክንፍ ነው የሚሄደው?» አላቸው። ሕዝቡ በእግሩ በሚሄድበት አገር የእግር መንገድ የሌለው ካርታ የሰነፍ ካርታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምንም በፊት ዓይናቸው የሚፈልገው መንገድን ሆነ። ያ ቀዝቃዛ ሸለቆ ከተላከ ጀምሮም ውስጣቸው አልተረጋጋም ነበር፤ ካርታው ያለ መንገድ ሊያልቅባቸው ነበራ።

ወጣሁ። ምሕረት ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፣ ለሥራው የሚያደርጉትን ልዩ መነጽር አደረገችልኝ። ጉድ ነው ያየሁት። ሁለቱ ዓይኖቼ በሁለት ፎቶ ላይ ሲያርፉ መሬቱ ከስክሪኑ ተነሥቶ ወጣ። ገደል አፋፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝና ጠረጴዛውን ጨመደድኩ። ምሕረት ሳቀች። ከታች ወንዙ እንደተጣለ ገመድ ይጠማዘዛል፤ አልፎ አልፎ ወንዙ ጥሎት የሄደ፣ ውሃው የቆመ የድሮ መታጠፊያ ይታያል፤ «የሞተ ክርን» ይሉታል። ጋሽ ላምቤቦ ከጀርባዬ ሆነው በጣታቸው መሩኝ።

«ይኼውልህ፣ ከዚህ ኮረብታ ይወርዳል። ከዚያኛውም ይወርዳል። ሁሉም እዚህ ጋ ይገናኛል። ወንዙ ሰፋ ብሎ ሳሳ የሚልበት። መልካ ነው፣ መሻገሪያ። እዚህ ሰው ይሻገራል። አየህ አይደል?»

ምንም አላየሁም። «አየሁ» አልኳቸው።

«ዋሸህ» አሉኝ፤ እየሳቁ። እውነትም ፀጉር የሚያክል መስመር ነው አሉ፤ እሳቸው ብቻ ያዩት ነበር፣ ምሕረትም እንደ እኔ ነበረች። መስመሮቹን በእግር መንገድ ምልክት፣ በቁርጥራጭ ሰረዝ ሳሏቸውና ላኩ።

ተመለሰ። ባሕር ማዶ ሥራቸውን የሚመረምር አንድ ሰው ነበር፤ አይተውት አያውቁም፣ «ተቆጣጣሪው» ነበር የሚሉት። በዚህ ሸለቆ ሰው የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ የእግር መንገዶቹን አጥፉ ይላል። ጋሽ ላምቤቦ መልስ አስጻፉ፦ መንገድ ካለ የሄደ አለ። እንደገና ተመለሰ፤ አሁን ጠንከር ብሎ። መንገዶቹ ካልጠፉ ሥራውን አንቀበልም፣ የቀረውንም ሸለቆ ለሌላ እንሰጣለን አለ። ምሕረት የምትኖረው በዚህ ሥራ ነው። የአስኮ ቤቷ ኪራይ፣ የልጇ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ያ ሸለቆ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሲሚንቶው ላይ ሦስታችን ተቀምጠን ተከራከርን።

«አባዬ፣ ሰው የለም እያሉህ እኮ ነው። አገራቸው ነው፣ እነሱ አያውቁም?»

«እኔ ሰውየውን አይደለም የሳልኩት። መንገዱን ነው።»

«አንተ የለመድከው የእኛን አገር ነው።»

«መሬት መሬት ነው፣ ምሕረት።»

እኔ ገባሁበት። ባልገባ ይሻል ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደንበኛ ነጭ ቀለም ካዘዘ ነጭ ቀለም ነው የሚሰጠው። ግድግዳው ሰማያዊ ቢያምርበትም።»

«ግድግዳው ስንጥቅ ካለውስ?»

«ስንጥቁም ነጭ ይቀባላ።»

አዩኝ። «ለዚህ ነው የአንተ ደንበኞች ቤት የሚያፈሰው።»

ምሕረት ሳትፈልግ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እሳቸው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ተከተልናቸው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና ከኮረብታው ጀምረው ወደ መልካው እየወረዱ መስመሮቹን ማጥፋት ጀመሩ።

«አባዬ፣ አንድ ላይ መርጠህ ማጥፋት ትችላለህ እኮ።»

«ስስላቸው አንድ ላይ ነው የሳልኳቸው?»

አንድ በአንድ አጠፏቸው። ከዚያ የተቀመጠ ቅጂ ካለ እሱንም እንድታጠፋ አዘዟት። እሷ ይቀመጥ አለች፤ እሳቸው እምቢ አሉ። በእሳቸው ዘመን ካርታ በቀለም ይሳል ነበር፤ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቃል፣ ተፍቆ ደብዛው የሚታይ መስመር ደግሞ ከስህተቱ የባሰ ነውር ነው። «ማጥፋት ካልቀረ ንጹሕ ይጥፋ» አሉ። ጠፋ። እኔ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጌ «ጎበዝ» አልኳቸው። ለእሳቸው! ጎበዝ!

ሥራው ቀጠለ፣ ኪራዩም በቀኑ ይከፈላል። መቁረጫው ሲነሳ እንደ ድሮው ይወርዳሉ። ነገር ግን አንድ ቀን ለአንድ ደንበኛ ዝገቱን ቀለም የቀባሁትን ቧንቧ አዲስ ነው አልኩትና ሳላስበው ዞሬ አየኋቸው። ሻያቸውን ነበር የሚያዩት። ደንበኛው ገዝቶ ሄደ። «ጋሼ፣ ዛሬ አልሰሙኝም?» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ» አሉኝ።  ያን ቧንቧ የሸጥኩበትን ቀን አልወደውም።

ቀስ እያለ ደግሞ ደረጃውን መሳት ጀመሩ። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ ይፈስሳል። እኛ የእርጅና ነው አልን። ምሕረት ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው አንድ ዓይናቸው ውስጥ ውስጡን በግፊት ሞቶ ኖሯል፤ ቀደም ብለው ቢመጡ ይድን ነበር ተባለ። «በአንድ ዓይን መሬት ጠፍጣፋ ነው፣ ሳህሌ» አሉኝ። «ተራራውም ገደሉም አንድ ወረቀት ነው።» ምሕረት ዘንድ አስኮ ገቡ። እሷ ክፍሉን ይዛ ብቻዋን ትሠራ ጀመር።

በተከታዩ ዓመት ተቆጣጣሪው ጻፈ። ምሕረት ወርዳ ሲሚንቶው ላይ፣ አባቷ ቦታ ተቀምጣ አነበበችልኝ። በዚያች አጭር በጋቸው ሰዎች ሸለቆውን በእግር አይተውት መጥተዋል። መስመሮቹ አሉ። የሰው አይደሉም፤ የበረዶ አገር አጋዘን ናቸው። በየዓመቱ በመንጋ ወርደው እዚያችው መልካ ላይ ይሻገራሉ፤ ስንት ዘመን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አሁን ማዕድን ማውጫ መንገድ ሊሠራ ነው፤ መንገዱ ከመወሰኑ በፊት የእንስሳቱ መሄጃ ካርታው ላይ መኖር አለበት። በጣም ይቅርታ ጠይቆ፣ በጣም በትሕትና፣ ያኔ ያጠፋችኋቸው መስመሮች አሁንም አሏችሁ ወይ ይላል።

ጋሽ ላምቤቦ ከአስኮ በታክሲ መጡ። መቁረጫውን ራሴ አስቆምኩ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ የለም አልኩ። ምሕረት መነጽሩን አድርጋ ተቀመጠች፣ እሳቸው ከጎኗ፣ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አዙረው።

«ከሞተው ክርን በታች ጀምሪ።»

«እዚህ?»

«ወደ ግራ። አሁን ውረጂ። እዚያ ጋ ለሁለት ይከፈላል።»

«አባዬ፣ አይታየኝም።»

«አለ።»

«አለ። ለእኔ ግን አይታየኝም።»

እኔም ሞከርኩ፤ መነጽሩን አድርጌ ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጠጥኩ። በዚህ ጊዜ ግን አየሁ አላልኩም።

«ካልታየሽ አትሳይ» አሏት።

እሷ ግን እሳቸው በቃል እንደነገሯት ሳለችና በቃል የተነገረ መሆኑን ጽፋ ላከች። መልሱ ሳይመሽ መጣ። ከሠሪው ትዝታ የተሳለ እንጂ ፎቶው ላይ የታየ ስላልሆነ መቀበል አንችልም፣ ሌላ ሰው ፈልገን መሄጃውን እንዳናስለካ ጊዜው አልፏል ይላል። ምሕረት ተሳደበች፤ ጸሎት ቤት የምትሄድ ልጅ እንዲያ ስትሳደብ ሰምቼ አላውቅም።

«ተይው፣ ልክ ነው» አሉ። «እኔም ብሆን አልቀበልም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አጋዘን ነው አሉ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ተሳስቼ ነበራ።» ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «እኔ ደግሞ ሰው ነው ብዬ እሟገታለሁ! ግን አየህ፣ አቋራጭ አይወዱም። መልካውን ይዞራሉ እንጂ ገደሉን አይደፍሩም። እንደ ሰው ነው የሚሄዱት።» ሳቁ ብዙም አልቆየ። ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙ፤ ድሮ አይዙም ነበር።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስም ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያረጀውን አዲስ፣ ስሱን ወፍራም፣ የዚህን አገር የውጭ ስል ነው የከረምኩት። ዕቃው ሳይነካ ስሙ ብቻ ሲቀየር ስንቱ ነገር እንደሚሸጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማዞሪያው ላይ የለም። ያን የክርክር ቀን ሲሚንቶው ላይ፣ «ጋሼ፣ መስመሩን አያጥፉት፤ የእግር መንገድ አይበሉት እንጂ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ይበሉት» ማለት አቅቶኝ ነው? ይህችን እኔ ተኝቼም አላጣትም። ተቆጣጣሪው ስሙን እንጂ መስመሩን አልተጣላም ነበር። እሳቸው እውነት እየፈለጉ፣ እሷ እንጀራዋን እየፈለገች ሲጨናነቁ፣ ለማታለል ስጠቀምባት የኖርኳትን ዘዴ ለእውነት መጠቀም ትዝ አላለኝም። ነጭ ቀለም ትዝ አለኝ።

ሸራውን በሸጥኩበት ቀን ሱቁን ዘግቼ አስኮ ሄድኩ። ምሕረት ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ምን እንደሚባል አላወቅኩም፤ ካርታውን ጠየቅኳት። ስልኳን አወጣችና አሳየችኝ። ሸለቆው ቀለማቸው ቡናማ በሆኑ ቀጫጭን ቀለበቶች ተሞልቷል፤ የጋሽ ላምቤቦ እጅ ነው። ወንዙ አለ፣ የሞቱት ክርኖች አሉ። ወንዙ ሰፋ በሚልበት ላይ አንድ ወፍራም ቀይ መስመር ያልፋል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የማዕድኑ መንገድ። ባዶ ቦታ ነው ብለው በዚያ አሳለፉት።»

«አባትሽ አይተውታል?»

«ጠይቆኝ ነበር። ገና አልወጣም አልኩት።»

ካርታው ወጥቷል። የአጋዘኖቹ መሄጃ የለበትም። መንገዱ መልካው ላይ ይሻገራል። ጋሽ ላምቤቦ ሞተዋል።